አሮጌ ፎር ዊል መኪና በቤታችሁ ለምታድሱ፦ ጥያቄና መልስ

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ላንድክሩዘር 60 ስፈታና ስገጥም ቆይቻለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ሲመረት የነበረው ዓይነት ነው። ሞተሩ 2ኤች የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4 ሊትር ናፍጣ ነው። ቱርቦ የለውም፣ አይቸኩልም፣ ግን እጅ አይሰጥም። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄውን አዘነባችሁት። የምችለውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ መኪናውን ገና መግዛቴ ነው። ቀለም ቀብቼ ልጀምር አስቤያለሁ። ምን ትላለህ?

ቀለሙን ለጊዜው እርሳው። መዶሻ ይዘህ መኪናው ሥር ግባ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ቀስ እያልክ ምታው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፤ የተበላው ድፍን ይላል። በተለይ የባሌስትራ ማሰሪያዎቹ ያሉበትን ቦታና ጭቃ የሚከማችባቸውን ማዕዘኖች በደንብ እይ። ካቻቢቴ ስትጫንበት ገባ ካለ ሥራህ ብየዳ ነው እንጂ ቀለም አይደለም። ደግሞ ስቱኮ በወፍራሙ የተለሰነበት ቦታ ካለ ማግኔት አስጠጋበት። ካልያዘ ከሥሩ ብረት የለም ወይም በጣም ርቋል።

ከዝገቱ ቀጥሎ ፍሬንና መሪ፣ ከዚያ ራዲያተርና ቱቦዎቹ፣ ከዚያ ሞተር። ቀለም የመጨረሻው ነው። ቀለም ቀብቶ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ቦታ ለብየዳ የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ። በመስታወት ነው ያየሁት።

ጥያቄ፦ አንድ ቡሎን ሁለት ቀን ሙሉ አልፈታ አለኝ። ልሰብረው ነው።

ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዳው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ርጭና አሳድረው፤ ጠዋት ድገመው። ከመፍታትህ በፊት በትንሹ ወደ ማጥበቂያው ግፋው፤ ዝገቱ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ቁልፍህ ባለ 6 ማዕዘን ይሁን፤ ባለ 12ቱ የቡሎኑን ራስ ያሟልጠዋል። ካልሆነ በእሳት አሙቀው፣ ግን ዳዶውን እንጂ ቡሎኑን አይደለም፤ ዳዶው ሲሞቅ ይሰፋል። የነዳጅ ታንከር፣ የፍሬን ቱቦ ወይም ጎማ ነገር አጠገቡ ካለ ግን እሳት አታስጠጋ።

የፈታኸውን ሁሉ በላስቲክ አድርገህ ጻፍበት፣ ከመፍታትህ በፊትም ፎቶ አንሳ። አስታውሰዋለሁ ትላለህ። አታስታውሰውም።

ጥያቄ፦ ከፊት ጎማው ጀርባ፣ ኳስ ከሚመስለው ብረት ላይ ጥቁር ቅባት ይንጠባጠባል። ያሰጋል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ብዙ ሰው ከውጭ ጠርጎ ነው የሚያልፈው። እዚያ ኳስ ውስጥ መኖር ያለበት ወፍራም ግሪስ ነው። አንተ ጋ የሚወርደው እንደ ሾርባ ከቀጠነ፣ የዲፈረንሻሉ (አክስሉ ላይ ያለው የጥርስ ሳጥን) ዘይት ውስጠኛውን ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ቀለበት፣ አልፎ መጥቶ ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ጉዳት አለብህ። ዲፈረንሻሉ ዘይቱ እየጎደለ ነው፣ የፊት ጎማውን የሚያዞረው መጋጠሚያ ደግሞ በቀጠነ ቅባት እየሠራ ነው። ዛሬ አይቆምም፤ ግን እየበላ ይሄዳል።

መፍትሔው ሙሉ በሙሉ መፍታት ነው። ሲሎቹን ቀይር፣ ኩሽኔታዎቹን እያቸው፣ ውስጡን አጥበህ አዲስ ግሪስ ሙላ። ሲሉ የሚቀመጥበትን የዘንጉን ወገብ በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህን የሚይዝ ቦይ ከቆፈረ አዲሱም ሲል አይዘጋልህም። ከላይና ከታች የሚወጡትን ስስ ቆርቆሮዎች አታደባልቃቸው፤ ውፍረታቸው ለየቦታቸው የተለካ ነው፣ በነበሩበት መመለስ አለባቸው።

አሁን ደግሞ ሰው የሚረሳው። አክስሉ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። ጭቃ ሲዘጋት፣ ዘይቱ ሲሞቅ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። እኔ ሲል ቀይሬ፣ በወሩ ያው ቅባት ሲወርድ አይቼ፣ በስንት ብስጭት እንደገና ከፈታሁ በኋላ ነው መተንፈሻዋ ድፍን ብላ ያገኘኋት። ከሲሉ በፊት እሷን እይ። የመጀመሪያው ጎን ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ሁለተኛው ግማሽ ቀን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መኪናዬን ከፍ አድርጌ 33 ኢንች ጎማ ልገጥም ነው። 31 ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ባሌስትራው የፋብሪካውን ቅስት ይዟል? ብዙ ጊዜ አሮጌው ተዘርግቶ ቀጥ ብሎ ነው የሚገኘው፣ ጤነኛ ባሌስትራ ስትገጥሚ ብቻ መኪናው ይነሳል። ከፋብሪካው ከፍታ በላይ 5 ሴንቲሜትር አካባቢ መጨመር ብዙ ጣጣ የለውም። ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን የካርዳኑ ማዕዘን ይበላሽና ክሮቼራ (የካርዳኑን መጋጠሚያ) መብላት ይጀምራል፣ የፍሬን ቱቦ ያጥራል፣ የፊት አክስሉም ዘንበል ስለሚል መሪው ከኩርባ በኋላ ራሱ መመለሱን ይተዋል።

ጎማውን በተመለከተ፣ 33 ለ31 ሲካፈል 6 በመቶ ገደማ ልዩነት ይሰጣል። ዳሽቦርዱ 100 ሲልሽ አንቺ 106 ላይ ነሽ። ፍሬኑም በዚያው ልክ ይከብደዋል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ ይነግርሻል። እኔ 31ዱን አልለቅም።

ጥያቄ፦ ካምቢዮ ውስጥ ጂኤል-5 ዘይት ብጨምር? የተሻለ ነው አሉኝ።

ጂኤል የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ስለበለጠ ግን የተሻለ አይደለም። ለዲፈረንሻል አዎ። ካምቢዮው ውስጥ ግን የነሐስ ሲንክሮ (ማርሽ ሲቀየር ጥርሶቹን የሚያስማማው ቀለበት) ካለ አንዳንድ ጂኤል-5 ዘይቶች ውስጥ ያለው ተጨማሪ ነገር ይጎዳዋል። የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘውን ጨምር።

ጥያቄ፦ የፊት መብራቴ እንደ ሻማ ነው። ኤልኢዲ ልቀይር?

አምፖሉ ላይሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ቮልቱን መጀመሪያ ባትሪው ላይ ከዚያ አምፖሉ ጀርባ ለካ። ባትሪው ላይ 14 አምፖሉ ላይ 11 ካየህ ሦስቱ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 10 አምፔር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በአርባ ዓመት ማብሪያ ማጥፊያና በቀጭን ሽቦ ነው የሚያልፈው። ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ግጠም፣ ከባትሪው በፊውዝ ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ሳብ፤ አሮጌው ማብሪያ ሪሌውን ብቻ ይዘዝ። መሬት የሚይዘውንም ሽቦ አጽዳ። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ከተሠሩ ናፍጣዎች አንዳንዶቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ምንም ከመግዛትህ በፊት እሱን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ነጭ ጭስ ያወጣል።

ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሮቹን እይ። ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና የራዲያተር ውሃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥር። ጥቁር ቢሆን በአየር ማጣሪያው ጀምር እልህ ነበር። ሰማያዊ ዘይት ነው።

ጥያቄ፦ ቱርቦ ብጨምርስ?

ፋብሪካው ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ 12ኤች-ቲ ብሎ ሌላ ሞተር ነው የሠራው። አሮጌ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና አሮጌ ራዲያተር ላይ ቱርቦ መጫን ለሽማግሌ ጆንያ ማሸከም ነው። መጀመሪያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ የሚፈጥሩትን ግፊት) አስለካ፣ ከዚያ እናወራለን።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ነው የምሠራው። ምን ልጠንቀቅ?

በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር እንዳትገባ። አንድ ቀን የእኔ ክሪክ ተንሸራቶ መኪናው ድጋፉ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ነበርኩ፤ ድጋፍ ባላደርግ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። አሮጌ የፍሬን ሸራ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አትንፋው፣ በእርጥብ ጥረገው። ባዶ የነዳጅ ታንከር አትበይድ፤ ባዶው ከሙሉው ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚፈነዳው የነዳጁ ትነት ነው። አንዳንድ የፍሬን ማጽጃ ክሎሪን አለው፤ እሱ የነካውን ብረት ስትበይድ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ዓመት አልክ። አለቀ ታዲያ?

ኧረ ምን አልቆ። አሁን የኋላ በሩ ላይ ነኝ። ውሃ ያስገባል፣ ከየት እንደሆነ ግን ገና አላገኘሁትም። ትናንት ልጄን ውስጥ አስቀምጬ ከውጭ ውሃ ስረጭበት ነበር፤ እሷ በባትሪ እያበራች ትፈልጋለች፣ እኔ እረጫለሁ። እስካሁን ያገኘችው አንድ የጠፋብኝን ባለ 10 ቁልፍ ነው።