ለሶክአይ ሳልሞን ወደ ሐይቅ ለምትወጡ ወገኖቼ፦ ቀስ በሉ

ጁላይ ሲቃረብ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ሲያትልና አካባቢዋ ያሉ ልጆች፣ ጀልባ የገዙም ሊገዙ ያሰቡም፣ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጎረቤታችን ያለው ጀልባ ዓሣ በዓሣ ላይ ሲያወጣ እኛ ለምን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን?» ለአንድ ለአንዱ ከምመልስ አንድ ጊዜ አስተካክዬ ልጻፈው ብዬ ነው። የማወራው በዋሽንግተን ግዛት፣ በተለይ በቤከር ሐይቅ፣ ከሚሄድ ጀልባ ኋላ መንጠቆ እየጎተቱ ስለማጥመድ ነው፤ ትሮሊንግ የሚሉት።

ከመሣሪያው በፊት ዓሣውን እወቁት። ሶክአይ እንደ ንጉሡ ሳልሞን (ኪንግ ወይም ቺኑክ እንደሚሉት ትልቁ ዘር) ትንንሽ ዓሦችን እያሳደደ የሚያድግ አይደለም። ባሕር ላይ ሳለ በአብዛኛው የሚበላው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው። እንቁላል ሊጥል ጨው ወደሌለው የወንዝና የሐይቅ ውኃ ሲመለስ ደግሞ ጭራሽ መብላቱን ያቆማል። ስለዚህ እናንተ ሐይቁ ላይ የምታገኙት ዓሣ አልራበውም። መንጠቆ የሚነክሰው አፍንጫው ሥር የሚያብለጨልጭና የሚወዛወዝ ነገር ሲያናድደው ነው። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ በራሱ ይደርስበታል። ምግብ የሚመስል ውድ ማታለያ የሚያከማች ሰው ግን ገንዘቡን ሱቅ ውስጥ ጥሎ ይቀራል።

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው። ዶጀር የሚባል፣ ቅጠል የመሰለ የሚያብረቀርቅ ብረት አለ፤ ለሶክአይ ትንሹ፣ ዜሮ ቁጥር የሚባለው፣ ብርማ ቀለም ያለው ይበቃል። ከጅራቱ ከ20 እስከ 25 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን ክር እሰሩ። ጫፉ ላይ ሁለት ቀይ መንጠቆዎችን አንዱን ከአንዱ ኋላ አድርጋችሁ ቋጥሩ። በቃ። ምንም ያልለበሰ ባዶ ቀይ መንጠቆ! እኔም መጀመሪያ ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር። ባዶው አላጠግብ ካላችሁ አንድ ኢንች ተኩል የሚሆን ሮዝ ሁቺ፣ ያቺን የጎማ ስኩዊድ መሳይ ጭፍርፍር፣ አልብሱት። ማጥመጃ ምግብ በሚፈቀድበት ሐይቅ ደግሞ ቁራጭ ሽሪምፕ ጨምሩበት።

የክሩ ርዝመት ላይ ግን አትደራደሩ፤ ከ10 እስከ 16 ኢንች ይሁን። መንጠቆው በራሱ ሕይወት የለውም፤ የሚያስጨፍረው ዶጀሩ ነው። ክሩ በረዘመ ቁጥር የዶጀሩ ውዝዋዜ መንጠቆው ጋ ሳይደርስ ይሞታል። ለንጉሡ ሳልሞን የለመደ ሰው ሦስትና አራት ጫማ ክር አስሮ ይመጣና ቀኑን ሙሉ ሐይቁን ሲዞር ይውላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ፍጥነት። የመጀመሪያ ዓመቴን ሁለት ሙሉ ቀን አንድም ዓሣ ሳይነካኝ ውያለሁ። ዕቃው ከሌላው ሰው ጋር አንድ፣ ጥልቀቱም አንድ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ጀልባቸውን አስጠግተው በእጃቸው «ቀንስ፣ ቀንስ» አሉኝ። የስልኬን ጂፒኤስ ባየው በሰዓት ሁለት ማይል ተኩል እየሄድኩ ነው። ሶክአይ የሚፈልገው በሰዓት ከ1 እስከ 1.4 ማይል ነው። ሰው በእግሩ እየተዝናና ሲሄድ እንኳ ከዚያ ይፈጥናል። ቀነስኩ፤ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ዓሣ ገባ። ከዚያ ወዲህ ጀልባዬ ላይ የሚወጣ እንግዳ ሁሉ «ቆመናል እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም ያን ጊዜ ፍጥነቱ ልክ መሆኑን አውቃለሁ።

በቁጥሩ ብቻ ግን አትመኑ፤ ነፋስና ሞገድ ያዛቡታል። ዶጀሩን ወደ ታች ከመልቀቃችሁ በፊት ጀልባው ጎን ውኃው ውስጥ አድርጋችሁ እዩት። ግራና ቀኝ እንደ ውሻ ጅራት ከተወዛወዘ ደግ ነው። ሙሉ በሙሉ ከተሽከረከረ ፈጥናችኋል፤ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ዘግይታችኋል። ሞተራችሁ በዝቅተኛው ማርሽም የሚፈጥን ከሆነ ድሪፍት ሶክ የሚባለውን የጨርቅ ከረጢት ከጎን አስራችሁ ጎትቱ፤ ባልዲም ይሠራል።

ቀጥ ብላችሁም አትሂዱ። ጀልባውን እንደ እባብ አጠማዝዙት። ስትታጠፉ በውጭ በኩል ያለው ክር ይፈጥናል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይዘገያል። የተነከሰው የውጩ ከሆነ ትንሽ ጨምሩ፤ የውስጡ ከሆነ ቀንሱ። ዓሣው ራሱ የሚፈልገውን ፍጥነት ይነግራችኋል፤ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ እኔ አላገኘሁም።

ጥልቀቱን የሚቆጣጠርላችሁ ዳውንሪገር ነው፤ 10 ፓውንድ ያህል የምትመዝን ኳስ በሽቦ አውርዶ ክራችሁን በመቆንጠጫ ይይዝላችኋል። ጎህ ሲቀድ ዓሣው ላይ ነው፤ ከ15 እስከ 25 ጫማ ጀምሩ። ፀሐይ እየወጣች ስትሄድ እሱ ይወርዳል፤ እናንተም ወደ 40፣ ወደ 60 ጫማ ተከተሉት። ሶናሩ ላይ፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ያለውን በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው መሣሪያ ላይ፣ ዓሣውን ባያችሁበት ልክ ሳይሆን ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ጎትቱ፤ ከሥሩ የሚያልፍ ነገር አይታየውም። ላይ ላይ ስትጎትቱ መንጠቆው ከኳሱ 20ና 30 ጫማ ይራቅ፤ ወደ ጥልቁ ስትወርዱ ግን 10 ወይም 15 ይበቃል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሌሊት መነሳት ይፈልጋል፤ ጀልባ ማውረጃው ላይ በጨለማ ያልተገኘ ሰው የቀኑን ምርጡን ሰዓት አጥቷል።

ሲነክስ ዘንጉን በኃይል አትንጠቁ። የሶክአይ አፍ ስስ ነው፤ ይቀደዳል። ዘንጉ ለስላሳና ተጣጣፊ፣ ክሩን የሚጠቀልለው የሪሉ ፍሬንም ላላ ያለ ይሁን። ክሩ ከመቆንጠጫው እስኪላቀቅ ጠቅልሉ፤ ከዚያ ሳታቋርጡ፣ ሳትቸኩሉ። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ አንዴ መገለባበጡ አይቀርም፣ ብዙ ሰው ዓሣውን የሚያጣው እዚያች ላይ ነው፤ ስለዚህ መረቡ አስቀድሞ በሰው እጅ ይሁን። ሞተሩንም አታጥፉ፤ ሶክአይ በመንጋ ስለሚሄድ አንዱ ሲያዝ ሌላው ዘንግ የሚነከሰው ወዲያው ነው።

ዕድሜ ጠገቦቹ የሲያትል ሰዎች ድሮ ሶክአይ የሚያዘው እዚያው ከተማው ጎን፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ነበር ሲሉ ትሰማላችሁ። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን እዚያ ለሶክአይ የተከፈተው ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ የሚመለሰው ዓሣ አነሰ። ዘሩም በ1930ዎቹ ከቤከር የመጣ ነው። ልጆቻችሁን ሲያትል ውስጥ ባላርድ ሰፈር ያለው የዓሣ መሰላል (ዓሦቹ ወደ ላይ የሚወጡበት የውኃ ደረጃ) ወስዳችሁ በመስታወቱ አሳዩአቸው፤ ለማጥመድ ግን ወደ ቤከር ንዱ። እዚያ የሚመለሱት ዓሦች ከቤከር ወንዝ ግድብ በታች፣ ኮንክሪት በምትባል ከተማ አጠገብ ተይዘው በመኪና ወደ ሐይቁ ይወሰዳሉ። ስንት እንደገባ የግዛቱ የዓሣና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ያወጣል፤ ቁጥሩን ሳታዩ ነዳጅ አታቃጥሉ።

ፈቃዱ ላይ አትቀልዱ። ከ15 ዓመት ጀምሮ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሳልሞን መዝገብ ካርድ ደግሞ ለሕፃንም ጭምር። ያወጣችሁትን ዓሣ እዚያው መዝግቡ። የቀን ገደቡ፣ የመክፈቻ ቀኑ፣ የመንጠቆው ዓይነት ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል፣ በወቅቱ መሃልም በድንገት ይቀየራል፤ በወጣችሁበት ማለዳ እንደገና አንብቡት። ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ ማለት ከቅጣት አያድንም። 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ለመንዳትም አብዛኛው ሰው የጀልባ ትምህርት ካርድ ይጠየቃል።

አሁን ከልቤ የምለምናችሁ ነገር። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ያደግን ነን። የቤከር ውኃ ከበረዶ ተራራ የሚወርድ ነው፤ በኦገስት ፀሐይ ላይ ላዩ ሞቅ ያለ ቢመስልም ከሥሩ ቀዝቃዛ ነው። ድንገት የወደቀ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ እጁ ቶሎ ይደነዝዛል፤ ዋናተኛውም ቢሆን። ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነ የሕይወት ጃኬት መያዝ ሕግ ነው፤ እኔ ግን የምላችሁ ከመቀመጫ ሥር እንዳታስቀምጡት ነው። ልበሱት፣ ለብሳችሁት ዋሉ፣ ዳርቻ እስክትደርሱ አታውልቁት። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ንግግር አያስፈልግም።

ዓሣው ጀልባ ላይ ከወጣ በኋላ ሥራው ግማሽ ነው። ጭንቅላቱን መታ አድርጋችሁ ወዲያው ስንጥቡን ቁረጡና ደሙ እስኪያልቅ ውኃ ውስጥ ያዙት። ከዚያ በረዶና ውኃ የተቀላቀለበት ሳጥን ውስጥ ይግባ። ባዶ ባልዲ ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ ሶክአይ ማታ ሲቆረጥ ሥጋው ይፈራርሳል። ስትመርጡም ገና ብርማ ቆዳ ያለውን ምረጡ። ሐይቁ ውስጥ በቆየ ቁጥር ሥጋውን ቀይ ያደረገው ቀለም ወደ ቆዳውና ወደ እንቁላሉ ይሸሻል፣ ስቡም ያልቃል። ለዚህ ነው ወቅቱ እንደተከፈተ ባሉት ሳምንታት ውጡ የምላችሁ። ጭንቅላቱ አረንጓዴ፣ ገላው ቀይ ሆኖ የመጣውን እኔ ደንቡ እስከፈቀደልኝ ድረስ ከውኃው ሳላወጣ መንጠቆውን ነቅዬ እለቀዋለሁ፤ እሱ ወደ እንቁላሉ ይሂድ።