አማርኛ ከኮንሶል ሲነበብ ለምን ባዶ ይሆናል?

ወንድሜ፣ «በኮንሶሉ (ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ወደ ዩቲኤፍ-8 የሚቀይረውን ሲኤችሲፒ 65001 (chcp 65001) ብዬ በሲ ፕሮግራሜ ስም በአማርኛ አስገባለሁ፤ በኤፍጌትኤስ (fgets) ሳነበው ግን ባዶ ነው» ላልከው፦ ጥፋቱ የኮድህ ሳይሆን የኮንሶሉ ነው። 65001 ለማሳየት ይሠራል። ለማንበብ ግን የቆዩት የዊንዶውስ ኮንሶሎች ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደልና መሠረታዊ ምልክቶች) ውጭ የሆነውን ፊደል ሁሉ ዜሮ ባይት አድርገው ነው የሚያቀብሉት። ሲ ደግሞ ዜሮ ሲያይ ጽሑፉ አለቀ ይላል።

ስለዚህ ባይት ማንበቡን ተውና በዊንዶውሱ ፋንክሽን በሪድኮንሶልደብልዩ (ReadConsoleW) ቀጥታ በዩቲኤፍ-16 (አንዱን የአማርኛ ፊደል በ2 ባይት በሚይዘው አጻጻፍ) አንብብ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። የበፈሩ (የተነበበው የሚቀመጥበት ቦታ) መጠን የሚሰጠው በፊደል ብዛት እንጂ በባይት አይደለም። ፋንክሽኑ መጨረሻው ላይ ዜሮ አያስቀምጥም፤ ራስህ ጨምር፣ ቦታም ተውለት። «ሰላም» ብለህ ኢንተር ስትመታ የሚመለሰው ብዛት 5 ነው፤ በዩኒኮድ ቁጥራቸው፦ 4656፣ 4619፣ 4637፣ ከዚያ የኢንተሩ 13 እና 10። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ቁረጥ፤ ግን መጀመሪያ መኖራቸውን አረጋግጥ። መስመሩ ከበፈሩ ከረዘመ ቀሪው ለሚቀጥለው ጥሪ ስለሚተርፍ ዝም ብለህ ከቆረጥክ ፊደል ትበላለህ።

ሌላው ትልቁ ወጥመድ፦ ግብዓቱ ከፋይል ወይም ከፓይፕ (ከሌላ ፕሮግራም ውጤት) ከመጣ ሪድኮንሶልደብልዩ አይሠራም። ግብዓቱ ኮንሶል መሆኑን ለማወቅ አስቀድመህ ጌትኮንሶልሞድን (GetConsoleMode) ጥራ። ካልተሳካ በሪድፋይል (ReadFile) ባይቱን አንብበህ በመልቲባይትቱዋይድቻር (MultiByteToWideChar) ከ65001፣ ማለትም ከዩቲኤፍ-8፣ ወደ ዩቲኤፍ-16 ቀይረው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሆነ የንባብህ ጫፍ ፊደሉን መሃል ላይ ሊሰነጥቀው ይችላል። የተረፈውን 1 ወይም 2 ባይት ያዝና ከሚቀጥለው ንባብ መጀመሪያ ላይ ቀጥለው።

ሴትሞድን (_setmode) በዩ16ቴክስት (_O_U16TEXT) ጠርቶ በኤፍጌትደብልዩኤስ (fgetws) ማንበብም አጭር መንገድ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በዚያው ግብዓት ኤፍጌትኤስና ስካንኤፍ (scanf) አትጠቀም፤ በፓይፕ የመጣ ዩቲኤፍ-8ም ይበላሽብሃል። እኔ የመጀመሪያውን፣ ሪድኮንሶልደብልዩን፣ እመርጣለሁ።

ስታሳየው አራት ማዕዘን ሳጥን ከወጣ አትደንግጥ፣ ያ የፎንት ጉዳይ ነው። «ሰላም» አስገብተህ የተነበቡትን ፊደሎች ቁጥር አትም፤ ከላይ ያሉት ከተገኙ ንባቡ ትክክል ነው።

ሊኑክስ ላይ በኤፍጌትደብልዩኤስ ከማንበብህ በፊት ሴትሎኬልን (setlocale) በባዶ ስም ("") ጥራ፤ ካልጠራህ አማርኛውን መፍታት አይችልም። ሰፊውን ፊደል የሚይዘው ዓይነት ደብልዩቻርቲ (wchar_t) እዚያ 4 ባይት፣ ዊንዶውስ ላይ 2 ባይት ስለሆነ በፈሩን እንዳለ ፋይል ላይ አትጻፍ፤ ወደ ዩቲኤፍ-8 መልሰህ አስቀምጥ። ባክስፔስ ስትመታ ፊደሉ በከፊል ብቻ ከጠፋ ደግሞ ተርሚናሉ ላይ «ኤስቲቲዋይ አይዩቲኤፍ8» (stty iutf8) በል።