ገዢ ቤት ሊያይ ሲመጣ ዓይኑ የት ነው የሚያርፈው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። «ቤቴን ልሸጥ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ገዢዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ምን ይጠይቁኛል? ምን አዘጋጅቼ ልጠብቅ?» ነው ያልሽው። እኔ ሁለት ቤት ሸጫለሁ፣ ሁለት ገዝቻለሁ። ከመግዛቴ በፊት ደግሞ ብዙ ቤት ዞሬ አይቻለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልንገርሽ።

ገዢ በአፉ «መኝታ ክፍሉ ስንት ነው? ስፋቱስ ስንት ካሬ ነው?» ይልሻል። ይህን እኮ ማስታወቂያው ላይ አንብቦታል። በልቡ ግን «ከገባሁ በኋላ ምን ጉድ ይወጣብኛል?» እያለ ነው። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ከፍሎ የሌላ ሰው ችግር እንዳይገዛ ይፈራል። ይህን ፍርሃቱን ከተረዳሽለት ዝግጅቱ ይቀልልሻል።

የመጀመሪያ ቤቴን ስሸጥ ይህ አልገባኝም ነበር። የጓሮው መኝታ ክፍል አንዱ ግድግዳ የእርጥበት ምልክት ነበረበት። ገዢ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀባሁት። አማረልኝ። የመጡት ሰው በዕድሜ ጠና ያሉ ነበሩ። ሳሎኑን ዝም ብለው አለፉት። ወጥ ቤቱን ቆም ብለው አዩት። እዚያ ክፍል ሲገቡ ግን መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ዞር ብለው «ሌሎቹን ትተህ ይህን ብቻ ለምን ቀባኸው?» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። «እንዲያምር ብዬ ነው» አልኳቸው። አመስግነው ወጡ። በዚያው ቀሩ።

እስካሁን የሚቆጨኝ ችግሩ ትንሽ መሆኑ ነው። የአሸንዳው መጋጠሚያ ተላቆ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው ግድግዳው ላይ ይወርድ ነበር። በኋላ ባለሙያ ጠርቼ በግማሽ ቀን አስጠገንኩት። እውነቱን ነግሬያቸው ቢሆን ምናልባት ዋጋ ቀንስልኝ ይሉኝ ነበር፣ ያ ብቻ ነው። ሰውዬው ግን «ይህን ከደበቀኝ ሌላስ ስንት ነገር ደብቆኛል?» ብለው ሄዱ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እሄዳለሁ።

ስለዚህ ከውሃ ጀምሪ። የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። ቡናማ ክብ ምልክት ካለ ጣሪያው ወይም ከላይ ያለ ቧንቧ አፍስሶ ያውቃል ማለት ነው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ በላይ ያለውን ግድግዳ ያያል። እዚያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ከወጣ ግድግዳው ውስጥ እርጥበት አለ። የቁም ሳጥን ከፍቶ ሻጋታ የሚያሸትም አለ። ሽቶ መንፋት ደግሞ ይብሱን ያስጠረጥራል፤ መስኮት መክፈት ይሻላል።

ገዢው ሳይሞክረው አንቺ ራስሽ አንድ ነገር ሞክሪ። የጣሪያው ታንከርና የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ መሙላታቸውን አረጋግጪ። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጊና የውሃ ቆጣሪውን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰሽ እዪው። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው። እኔ ስገዛ ሻወሩንና የወጥ ቤቱን ቧንቧ አንድ ላይ ከፍቼ ግፊቱን አያለሁ። የእጅ መታጠቢያውንም ሞልቼ በአንዴ እለቀዋለሁ። እየተንቆረቆረ ቀስ ብሎ ከወረደ ቱቦው አንድ ችግር አለበት። የፍሳሽ ጉድጓድ ካለሽ መጨረሻ የተመጠጠው መቼ እንደሆነ ትጠየቂያለሽ።

ሁለተኛው ስንጥቅ ነው። ብዙ ሰው ስንጥቅ ሲያይ ይደነግጣል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የሚመጣ ነው። ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ አንዱ ጫፉ ሰፋ ያለ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መስመጡን ሊያመለክት ይችላል። ብሎኬቱን ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣውም እንደዚያው። ሁለተኛው ቤቴ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ስንጥቅ ነበር። ገና ሳየው ጫፉ ላይ በእርሳስ አስምሬ ቀኑን ጽፌበት ነበር። ስሸጥ አራት ዓመት ሆኖት ከመስመሩ አላለፈም። ለመጡት ባልና ሚስት መጀመሪያ ያሳየኋቸው እሱን ነው። በማግስቱ የራሳቸውን መሐንዲስ ይዘው መጡ። ደስ ብሎኝ አስገባሁት። የገዙትም እነሱ ናቸው። ባለሙያ ላምጣ የሚልሽን ሰው እንዳትከለክዪ። ሊገዛ ያሰበ ሰው ነው ለባለሙያ የሚከፍለው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ሽቦው መቼ እንደተዘረጋ ማወቅ ይበቃሻል። የትኛው ብሬከር የቱን ክፍል እንደሚያጠፋ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለጥፊበት።

ሰነዱን ግን በቀላሉ አትዪው። ሰነዱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ? ቤቱ የባንክ ዕዳ አለበት? በኋላ የተጨመረ ክፍል ካለ ፈቃድ አለው? አጥሩ ከሰነዱ ልክ ጋር ይገጥማል? አንድ ጊዜ በጣም የወደድኩት ቤት ነበር። ከሻጩ ጋር ዋጋ ተስማምተን ጨረስን። ቤቱ የውርስ መሆኑን፣ ሁለቱ ወንድሞቹም መሸጡን እንዳልፈቀዱ የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይስማማሉ እያልኩ ሁለት ወር ጠበቅኩ። አልተስማሙም። በመሀል ሌላ ጥሩ ቤት አመለጠኝ። እንዲህ ያለ ነገር ካለብሽ ገዢው ሳይመጣ ጨርሺው፤ ካልተጨረሰም በስልክ ሲደውልልሽ ንገሪው።

«ለምን ትሸጪዋለሽ?» መባሉ አይቀርም። መልሱ አጭርና እውነት ይሁን። የቤተሰብሽን ጉዳይ መዘርዘር የለብሽም። ግን ያልሆነ ምክንያት አትፍጠሪ፣ ምክንያቱም ገዢ ጎረቤትም ይጠይቃል። እኔ ቤት ልገዛ ስል ሁሌም ማታ ተመልሼ ሰፈሩን አያለሁ። ጫጫታውን፣ መብራቱን፣ መኪና የሚቆምበትን። ማታ ማታ የሚረብሽ ነገር ካለ ከአንቺ ቢሰማው ይሻላል።

ጥቃቅን የሚመስሉ ጥያቄዎችም አሉ። ቦይለሩ ይቀራል? መጋረጃውስ? ታንከሩስ? እኔ የሚቀረውንና የምወስደውን ጽፌ ነበር የምጠብቀው። እንዲህ ያለው ነገር በመጨረሻው ሰዓት ሰው ያጣላል። ያለፉትን 12 ወራት የውሃና የመብራት ደረሰኞችም አንድ ላይ አድርጊያቸው። በወር ስንት ይወጣል ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። መቼ እንደምትለቂም ቁርጥ ያለ ቀን ይኑርሽ።

በዕለቱ አንዴ ካዞርሻቸው በኋላ አሥር ደቂቃ ብቻቸውን ተያቸው። ባልና ሚስት አንቺ ፊት የልባቸውን አያወሩም። የማታውቂውን ከጠየቁሽ «አላውቅም፣ አጣርቼ እደውላለሁ» በዪና ማታውኑ ደውዪ። አንድ ደላላ ስለ ሁሉም ነገር «ችግር የለውም» እያለ አሳይቶኝ ያውቃል። አንዱንም አላመንኩትም።

ቤቱ ለብቻው የቆመ ይሁን የጋራ ሕንፃ ውስጥ አልጻፍሽም። የጋራ ሕንፃ ከሆነ ወርሃዊ መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ ያልተከፈለ ካለ፣ ጣሪያው ወይም ሊፍቱ ሲበላሽ ማን እንደሚከፍል፣ በቅርቡ የታሰበ ትልቅ ጥገና መኖር አለመኖሩን ይጠይቁሻል። ይህን ከሕንፃው ኮሚቴ በጽሑፍ አምጪ። ወረቀቱ ቶሎ ላይደርስልሽ ስለሚችል ነገ ጠዋት ጠይቂያቸው።