ስሪ ፓዳን ሁለቴ ወጥቻለሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ ስሰራ ከአንዲት የስሪላንካ ልጅ ጋር አራት ዓመት አንድ ክፍል ተኝተናል፣ ማታ ማታ አገሯ ስላለው ስለዚህ ቅዱስ ተራራ እያወራች ጨረሰችኝ፣ ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ ከመግባቴ በፊት ከቤተሰቦቿ ጋር ወጣሁት፣ በኋላም ደገምኩት። ያለውን ሁሉ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቆይ ተራራው የቡድሃ ነው የአዳም? ጉግል ላይ ሁለቱንም ይላል።

መልስ፦ ሁለቱንም ይሉታል እኮ፣ ነገሩ እሱ ነው። ጫፉ ላይ አለት ላይ አንድ ሜትር ከሰማንያ ገደማ የሚሆን የእግር ዱካ የሚመስል ነገር አለ። ስሪ ፓዳ ማለትም ቅዱስ እግር ማለት ነው። ቡድሂስቶቹ የቡድሃ ግራ እግር ነው ይላሉ፣ ሂንዱዎቹ የሺቫ ነው፣ ሙስሊሞቹ ደግሞ አባታችን አዳም ከገነት ሲወጣ መጀመሪያ የረገጠው እዚህ ነው ይላሉ፣ የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ራሱ በ1344 በፈረንጅ ወጥቶታል። የቶማስ ሐዋርያው ነው የሚሉ ክርስቲያኖችም አሉ። ቤተ መቅደሱን የሚይዙት የቡድሃ መነኮሳት ናቸው፣ ግን ደረጃው ላይ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚያለከልከው፣ የማን እግር ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አላጋጠመኝም። ዱካውን እንደዛ ገልጠው አያሳዩም፣ ዋናው ከላይ ካለው ድንጋይ ስር ነው ነው የሚሉት። ዱካውን ፎቶ አነሳለሁ ብላችሁ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እሱን ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው የኔ ቆንጆ፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ። እኔ አልሰገድኩም፣ ስገጂ ያለኝም የለም። ጫማ ታወልቂያለሽ፣ ኮፍያ ታወልቂያለሽ፣ ትከሻና ጉልበት ትሸፍኛለሽ፣ አለቀ። አብዛኛው ሰው ነጭ ስለሚለብስ እኔ ነጠላዬን አደረግኩ፣ አንዲት አሮጊት ጥለቱን እየዳሰሱ ደረጃ ሙሉ አብረውኝ ወጡ። በጨለማ ነጭ የለበሰ ሰው ተያይዞ ሲወጣ ከሩቅ ስታዪው ግሸን የሄድሽ ነው የሚመስልሽ፣ እውነቴን ነው።

ጥያቄ፦ ከፍታው ያስቸግራል? የደም ግፊት አለብኝ።

መልስ፦ ጋሼ ጫፉ 2,243 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ከዛ ትበልጣለች፣ ስለዚህ አየሩ አይደለም የሚገድልዎት ደረጃው ነው። ተራራው ስር ካለችው መንደር ከናላታኒያ በኩል ከአምስት ሺህ በላይ ደረጃ አለው፣ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር፣ ሦስት አራት ሰዓት ያስኬዳል። መጨረሻው አካባቢ ቀጥ ያለ ስለሆነ የብረቱን መደገፊያ ይዞ መጎተት ነው። ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይሞክሩት። ደግሞ ማንም የማይነግርዎት ነገር፣ መውረዱ ይብሳል፣ እኔ ሦስት ቀን ሽንት ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

ጥያቄ፦ መቼ ልሂድ? ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?

መልስ፦ ወቅቱ በፈረንጅ ከዲሴምበር ሙሉ ጨረቃ እስከ ሜይ ሙሉ ጨረቃ ነው፣ ያኔ መንገዱ ሙሉ መብራት ነው፣ ሻይ ቤቱም ሌሊቱን ክፍት ነው። ከዛ ውጪ ዝናብ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ አልቅትም አለ። ሙሉ ጨረቃ ቀን ፖያ ይሉታል፣ በዓል ነው፣ ሰው ሰው ላይ ይወጣል፣ የመጀመሪያ ጊዜ በፖያ ሄደን ሰልፍ ላይ ቆመን ፀሐይዋ አመለጠችን። በአዘቦት ቀን ሂዱ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከኮሎምቦ ፎርት በባቡር ሃተን የምትባል ከተማ፣ ከዛ በአውቶቡስ ናላታኒያ ገብታችሁ ትንሽ ትተኛላችሁ፣ በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ትነሳላችሁ (የእነሱ 2 ነው፣ ስትቀጣጠሩ ተጠንቀቁ እኔ ተሸውጃለሁ)። ፀሐይ ስትወጣ የተራራው ጥላ በሌላኛው ወገን ልክ እንደ ድንኳን ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጭጋጉ ላይ ይተኛል። ጃኬት ያዙ፣ ላብ በላብ ሆናችሁ ደርሳችሁ ነው ብርዱ የሚቀበላችሁ።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ነኝ ምን እበላለሁ

መልስ፦ ሩዝና ምስር ሞልቷል፣ በኮኮናት ወተት ነው የሚሰሩት። ግን ሳምቦል የሚባለው የኮኮናት ዳጣ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ፈጭተው ይጨምራሉ፣ ጠይቂ። ሻይ ስታዢ ፕሌን ቲ በዪ አለዚያ በዱቄት ወተት ይመጣልሻል። ዙሪያው ሁሉ የሻይ ተክል ነው፣ ድሮ ግን ቡና ነበር አሉ፣ ከ1869 ጀምሮ የቅጠል በሽታ ገብቶ አጠፋውና ወደ ሻይ ዞሩ። ይሄን ስሰማ ሆዴ ነው የተላወሰው።

ጥያቄ፦ የመግቢያ ስንት ነው?

መልስ፦ እኔን ያስከፈለኝ የለም። መንገድ ላይ መነኩሴ እጅ ላይ ነጭ ክር ያስራሉ፣ የፈቀድሽውን ትሰጫለሽ።

ጥያቄ፦ ማድረግ የሌለብን ነገር ካለ?

መልስ፦ ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥታችሁ ሰልፊ እንዳትነሱ። የቡድሃ ንቅሳት ያለው ሰው ይሸፍን፣ በ2014 አንዲት እንግሊዛዊት በዚሁ ንቅሳት ምክንያት ከአገር አስወጥተዋታል።

ጥያቄ፦ ክርና መርፌ ይዘው ይወጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ኢንዲካቱፓና የሚባል ቦታ አለ፣ ቡድሃ እዚህ ልብሱን ሰፋ ብለው ነው የሚያምኑት፣ መርፌ ላይ ክር አስገብተው እዛ ይተዉና የቀረውን ክር እየዘረጉ ይወጣሉ። የወጣና የወረደ ሲተላለፍ ካሩናዋይ ይባባላል፣ ምርቃት ነገር ነው፣ እኔም አንደበቴ ለምዶት ከዛ ተመልሼ ሊፍት ውስጥ ለማላውቀው ሰውዬ ብዬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጫፉ ላይ ደወል አለ አሉ፣ መታሽው?

መልስ፦ በወጣሽው ቁጥር ልክ ነው የሚመታው። እኔ ሁለተኛው ጊዜ ሁለቴ መታሁ፣ ቀጥሎ የጓደኛዬ እናት ገቡና መቁጠር ጀመርኩ፣ አስራ አንድ ላይ ጠፋብኝ፣ እሳቸው ገና ይመታሉ።