ግላኮማ ነው ተባልኩ፤ ጠብታ፣ ሌዘር ወይስ ኦፕራሲዮን?

ስለ ግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ የዓይን ግፊት ሲጨምር የዓይንን ነርቭ ስለሚጎዳው በሽታ፣ የላካችሁት ጥያቄ በዝቷል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

«እኔም ጎረቤቴም ግላኮማ አለብን። ለእኔ ጠብታ ታዘዘ፣ እሱን ኦፕራሲዮን አሉት። ለምን?»

ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይናችሁ አንድ አይደለም። የዓይን ግፊቱ ከ10 እስከ 21 (በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ) ከሆነ ደህና ነው ይባላል፤ ግን 18 ሆኖም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ፣ 24 ሆኖ ለዓመታት ምንም የማይሆንም አለ። ስለዚህ ሐኪሙ ከቁጥሩ ሌላ ነርቩ ምን ያህል እንደተረፈ፣ ጉዳቱ በምን ፍጥነት እንደሚሄድና ዕድሜዎን ያያል። የ80 ዓመት አዛውንት ቀስ ብሎ የሚሄድ ግላኮማ ካለባቸው በጠብታ ሊያዝ ይችላል፤ የ45 ዓመት ሰው ነርቩ ከወዲሁ በጣም ከተጎዳ ግን ጠብታ እየቀያየሩ መጠበቅ አያዋጣም። ብሪታንያ ውስጥ በሽታው ከገፋባቸው በኋላ የተገኙ 453 ሰዎች ግማሹ በኦፕራሲዮን፣ ግማሹ በጠብታ ጀምረው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በኦፕራሲዮን የጀመሩት ግፊት 12 አካባቢ፣ የጠብታዎቹ 15 አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ደግሞ ጠብታውን ሳያቋርጡ መግዛት ይችላሉ? ለክትትልስ ይመላለሳሉ? ይሄን ሲጠየቁ እውነቱን ይናገሩ። እያቋረጡ «በደንብ አደርጋለሁ» ካሉ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ይጨምርብዎታል፣ ወይም የማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ይገባሉ።

«ሌዘር የሀብታም ሕክምና ነው ይባላል፤ እውነት ነው?»

ማሽኑ በየቦታው አለመኖሩ እውነት ነው። ግን እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ አካባቢ በተሠራ ጥናት፣ ከዓመት በኋላ በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች ለ61 በመቶው ሕክምናው ሠርቷል፤ በቲሞሎል ጠብታ ከታከሙት ግን ለ31 በመቶው ብቻ። ጠብታ በየጊዜው ይገዛል፣ ሌዘሩ በደቂቃዎች ያልቃል። ኃይሉ እያደር ስለሚቀንስ ግን ክትትል አይቀርም። የዓይን ፈሳሽ መውጫው ጥግ የተዘጋ ከሆነም ይሄኛው ሌዘር አይሆንም፤ ሌላ ዓይነት አለ።

«እናቴ አስም አለባት፣ ቲሞሎል ታዞላት ከጀመረች ወዲህ ትንፋሽ ያጥራታል።»

ዛሬውኑ ሐኪሟን አግኙ፤ ትንፋሿ ከባሰ ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ቲሞሎል በእንባ መውረጃው በኩል ወደ ደም ይገባና የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል። አስም ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እንደ ላታኖፕሮስት ያለ፣ በቀን አንዴ ማታ የሚደረግ ነው። ዓይን ሊያቀላ፣ ሽፋሽፍት ሊያረዝም ይችላል፣ ይሄ ግን ቀላል ነው።

«አባቴ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ማየቱ ግን አልተሻሻለም። ተበላሸ ማለት ነው?»

የግድ አይደለም። ከዓይን ሞራ ጋር አታምታቱት። የሞራ ኦፕራሲዮን ብርሃን ይመልሳል፤ የግላኮማው ግን የቀረውን ለማቆየት ነው፣ የሞተ ነርቭ አይነሳም። ይሄን አስቀድሞ በግልጽ አለመንገር የእኛ የሐኪሞች ጥፋት ነው።

«ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጠበል መግባት ይችላል?»

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃው ዓይኑን እንዳይነካ። ቀዶ ሐኪሙ የፈሳሽ መውጫ የከፈተው ከላይኛው የዓይን ቆብ ስር ነው፣ በዚያ በኩል ኢንፌክሽን ከገባ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ከዚያ በኋላም መቼ እንደሚችል ሐኪሙ ይንገረው። ጠብታ ታዞለት ከሆነ ለጠበል ብሎ አያቁም። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው ወይም መግል ከያዘ፣ ዓመታት አልፈውም ቢሆን፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት።