ሕክምና ለምትፈልጉ የ12ኛ ክፍል ልጆች፦ ስለ ሳት ጥያቄ ክፍት ነው

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ ተረኛ አይደለሁም፣ ጠይቁ። ለማታውቁኝ፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ አሁን ኢንተርን ነኝ፣ ክረምት ሲመጣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አስጠናለሁ። የማስጠናው ሳትን ነው፤ ኢንትራንስ ላይ ያለውን የስኮላስቲክ አፕቲቲውድ ፈተና ማለቴ ነው። ፊዚክስና ኬሚስትሪ አስተማሪዎቻችሁን ጠይቁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ «የዘንድሮ ፈተና እጃችን ገብቷል» ለሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ብር አትላኩ።

ከቢቸና፦ ወንድምዓለም፣ ሕክምና ለመግባት ሳት ምን ያደርጋል? ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ናቹራል ከሆንክ የምትፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሳት ነው። እያንዳንዱ ከ100 ነው፣ ድምሩ 600። ሳት ከባዮሎጂ እኩል ይመዝናል ማለት ነው። ልጆቻችን ባዮሎጂ ላይ ሁለት ሦስት ነጥብ ለመጨመር ሌሊቱን ሲቸክሉ ያድራሉ፣ ሳትን ግን «አይጠናም» ብለው ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ይጠናል! ማለፊያው 50% ነው፣ ግን 300 ይዞ ሕክምና የሚያስብ ሰው ራሱን ባያታልል ጥሩ ነው።

ደግሞ ኢንትራንስ አልፈህ ቀጥታ ሜዲስን አትገባም። ከ2012 ጀምሮ ፍሬሽማን (ሁሉም በጋራ የሚማረው የመጀመሪያ ዓመት) ተመልሷል፣ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ የፍሬሽማን ውጤትህም የኢንትራንስ ውጤትህም ይታያል፣ የራሱን ፈተና የሚጨምር ግቢም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ገና ስትገባ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ አፕቲቲውድ አንዴ ተፈትነህ የምትገላገለው ነገር አይደለም።

ከሞጣ፦ ሳት እንዴት ነው የሚጠናው?

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ቨርባሉ (የቋንቋው) ነው ኳንቲቴቲቩ (የቁጥሩ)? ጥያቄው አልገባህም ወይስ ሰዓት አነሰህ? ለይተህ ተመለስ።

ከቡሬ፦ የእኔ ችግር ኳንቲቴቲቩ ነው። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነኝ፣ ሳት ላይ ግን ሰዓት አይበቃኝም።

መልስ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። እታለም፣ ሰዓት የሚያልቅብሽ ሒሳብ ስለማትችይ አይደለም፤ ሁሉንም እንደ ሒሳብ ፈተና ከሀ እስከ ፐ ስለምትሠሪው ነው። ሳት አቋራጩን ማየትሽን ነው የሚፈትነው።

ምሳሌ ልስጥሽ። ቡሬ ገበያ አንድ ኩንታል ጤፍ 25% ጨመረ፣ ከዚያ በአዲሱ ዋጋ ላይ 20% ቀነሰ። ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምን ሆነ? ከማስጠናቸው ልጆች አብዛኞቹ ሳያስቡ «5% ጨመረ» ይላሉ። አዘጋጁም ይህን ስለሚያውቅ 5%ን ከምርጫዎቹ አንዱ አድርጎ ያስቀምጥላቸዋል። 10,000 ብር ነበር እንበል። 12,500 ገባ። የዚህ 20% ደግሞ 2,500 ነው። 10,000 ላይ ተመለሰ፣ ምንም አልተለወጠም። ኤክስ ብለሽ እኩልታ ብትጽፊም ትደርሺበታለሽ፣ ግን ሁለት ደቂቃ ይበላሻል። በቀላል ቁጥር ተክተሽ ከሠራሽው ሃያ ሰከንድ ነው።

ሌላ። አንድ አጫጅ እርሻውን ብቻውን በ6 ቀን ይጨርሳል፣ ሌላው በ12 ቀን። አብረው ቢያጭዱ በስንት ቀን? ምርጫዎቹ 3፣ 4፣ 9 እና 18 ናቸው። ገና ሳታሰዪ 9ን እና 18ን ሰርዢ፤ ሁለት ሰው ሆነው ከአንዱ በላይ ሊፈጅባቸው አይችልም። 3ም አይሆንም፣ በ3 ቀን የሚጨርሱት ሁለተኛውም እንደ ፈጣኑ በ6 ቀን የሚጨርስ ቢሆን ነበር። 4 ቀረ። እርሳስሽን ሳታነሺ ጨረስሽ።

እና ካልኩሌተር አይገባም። አሁን ቤት ስትሠሪ ስልክሽ ላይ የምትደምሪ ከሆነ እየተለማመድሽ ያለሽው ሌላ ፈተና ነው። 12.5% ሲባል አንድ ስምንተኛ፣ 37.5% ሲባል ሦስት ስምንተኛ ወዲያው ካልታየሽ ዛሬውኑ ጻፊና ግድግዳሽ ላይ ለጥፊው።

ከሞጣ፦ እሺ ቨርባሉ ነው። ዲክሽነሪ ልሸምድድ?

መልስ፦ አትሸምድድ። ከሀምሳ ገጽ ዲክሽነሪ ፈተና ላይ የሚመጣልህ ስንት ቃል ነው? አናሎጂ (የቃላት ዝምድና ጥያቄ) ላይ ሁለቱን ቃላት በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አያይዛቸው። «ፋሚን ከ ፉድ» መጣ እንበል። «ፋሚን የፉድ እጦት ነው» በል። አሁን ምርጫዎቹን በዚሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ክተታቸው። «ፍለድ ከ ዋተር»፦ ፍለድ የውሃ እጦት ነው? አይደለም። «ዊንተር ከ ኮልድ»? አይሆንም። «ድራውት ከ ሬይን»? ድራውት የዝናብ እጦት ነው፣ አለቀ። ፍለድን የሚመርጡት ሁለቱም አደጋ ስለሆኑ ነው፣ ዝምድናውን ሳይሆን ወሬውን አይተው።

ከዳንግላ፦ ለዚህ እኮ ነው ቅኔ ቤት ያለፈ ልጅ ሳት አይከብደውም የምለው። ዋሸራ በለው ዲማ፣ የሚማሩት ማሰብ ነው።

ከሞጣ፦ ሳቱ በግእዝ ነው እንዴ የሚመጣው?

ከዳንግላ፦ በፈለገው ይምጣ፣ ጭንቅላቱ ከተሳለ ተሳለ ነው።

ከአዴት፦ ወሬ ነው። ኦክስፎርድ የሚገቡት ቅኔ ተምረው ነው?

መልስ፦ ቅኔ የተማሩ ልጆች አስጠንቻለሁ። ቃል አገላብጦ ማየት ላይ የሚደርስባቸው የለም፣ ምንባቡ ላይ ግን እንግሊዝኛው ያንቃቸዋል። እዚህ ላይ እናቁመው። ቀጣይ።

አባት ከደጀን፦ ዶክተር፣ ልጄ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። አንድ ሰው ፈተናው አለኝ ብሎ ብር ጠየቃት፣ እኔም ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ጠየቁኝ። እባክዎ አንድ ሳንቲም እንዳይሰጡ። በ2008 ፈተና በእርግጥ ወጥቶ ነበር፣ የሆነውም ፈተናው ተሰርዞ ሁሉም እንደገና መቀመጡ ነው። ከዚያ በኋላም ስርቆቱ ስላልቆመ ከ2015 ጀምሮ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ ይፈተኑ ጀመር። እና ያ ሰውዬ እውነተኛ ፈተና ቢኖረው ለርስዎ ልጅ ነው የሚሸጠው? ያለፈ ዓመት ጥያቄ ርዕሱን ቀይረው ነው የሚሸጡት፣ እሱን ደግሞ ልጅዎ በነጻ ታገኘዋለች። ይልቅ ባይከፋዎ፣ ማታ ማታ ከሥራ አሳርፈው ሁለት ሰዓት ይስጧት።

ከእንጅባራ፦ የአጎቴ ልጅ እንግሊዝ ነው፣ ለሕክምና ዩካት የሚባል ይፈተናል። ከእኛ ሳት ጋር ይመሳሰላል?

መልስ፦ ቨርባሉና ኳንቲቴቲቩ ይመሳሰላል። የእነሱ ፍጥነቱ ይብሳል፣ ቨርባሉ 44 ጥያቄ በ22 ደቂቃ ነው። የቅርጽ ጥያቄው ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። የሐኪም ሥነ ምግባር የሚፈትን ክፍልም አለው፣ እኛ ጋ የለም። ስክሪኑ ላይ ካልኩሌተር ተሰጥቶታል፣ እሱም እኛ ጋ የለም።

ከባሕር ዳር፦ ቆይ ግን ሐኪም ሆናችሁ ምን ልትበሉ ነው? በ2017 ግንቦት ሐኪሞቹ ራሳቸው ደሞዝ አልበቃን ብለው ሥራ አቁመው አልነበር?

ከቢቸና፦ ብር የፈለገ ይነግድ።

ከባሕር ዳር፦ በባዶ ሆድ ሰባት ዓመት ስትማር እናይሃለን።

መልስ፦ ደሞዙን ከሁላችሁም በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ሌላ ቀን። ጥያቄ!

ከፍኖተ ሰላም፦ ዘንድሮ ኦንላይን ነው ወረቀት?

መልስ፦ በ2016ም በ2017ም ሁለቱም ነበር። የአንተን ትምህርት ቤትህ ይነግርሃል።

ከደምበጫ፦ ወርክሺት በጣም ሠርቻለሁ፣ ውጤቴ ግን አልጨምር አለኝ።

መልስ፦ ይህን እየጠበቅሁ ነበር። ወርክሺት ሠርተህ መልሱን አይተህ «አሃ» ብለህ ታልፋለህ አይደል? እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ደብተር አውጣ። የተሳሳትከውን ጥያቄ ቁጥር ብቻ ጻፍ፣ ከጎኑ ደግሞ ለምን እንደተሳሳትክ። አላውቀውም ነበር? ቸኮልኩ? ጥያቄውን ሳልጨርስ መለስኩ? ከማስጠናቸው ልጆች የብዙዎቹ ደብተር ላይ የሚሞላው ሦስተኛው ነው። ጥያቄው መጨረሻ ላይ «ኤክሴፕት» ይላል፣ ልጁ እሷን ሳያይ የመጀመሪያውን እውነት የሆነ ምርጫ ያጠቁራል። «ኤክሴፕት»ን እና «ኖት»ን ባየህ ቁጥር ክበብ አድርግባቸው፣ ኦንላይን ከሆነ ደግሞ ማስሊያ ወረቀትህ ላይ ጻፋቸው። ሰዓት ይዘህ ሥራ። አንድ ጥያቄ ከያዘህ ዝለለው፣ መጨረሻ ላይ ተመለስበት። ነጥብ አይቀነስም፣ ስለዚህ ባዶ ትተህ አትውጣ። እና ጥያቄው አለን ከሚሉት ጋ...

ከደምበጫ፦ ብር አልልክም ዶክተር፣ ሰማን።

ከሉማሜ፦ ይቅርታ አሁን ነው የገባሁት። ሳት እንዴት ነው የሚጠናው?

መልስ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ከሉማሜ፦ እሺ፣ ፒዲኤፍ ካለህ ላክልን።

መልስ፦ አልልክም። ስልክህ ላይ አርባ ፒዲኤፍ ሳይከፈት ተቀምጧል፣ ከእነሱ አንዱን ጨርስ።

ከዳንግላ፦ የመጨረሻ። ጤፉ መጀመሪያ 20% ቀንሶ ከዚያ 25% ቢጨምርስ?

ከአዴት፦ 5% ይጨምራል።

ከቡሬ፦ ኧረ ያው ነው፣ 8,000 ገብቶ 10,000 ይመለሳል።

መልስ፦ የቡሬዋ ልክ ናት። አዴት፣ ደብተር አውጣ። ነገ በጠዋት ገቢ ነኝ፣ ደህና እደሩ።