ጥያቄና መልስ፦ የጋማ ጨረር ፍንዳታን ደርሶ ማየት

ጥያቄ፦ የጋማ ጨረር ፍንዳታ፣ ማለትም ከሩቅ ጠፈር በድንገት የሚመጣ፣ ከኤክስሬይም የበለጠ ጉልበት ያለው የጨረር ብልጭታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ የሚያበቃ ከሆነ፣ ተመራማሪዎች መነሻ ቦታውን እንዴት ሊያገኙት ይችላሉ?

መልስ፦ የምድር ከባቢ አየር የጋማ ጨረርን ስለሚያግድ፣ ፍንዳታውን በቀጥታ የሚመዘግቡት በዋነኛነት ሳተላይቶች ናቸው። የኑክሌር ሙከራዎችን እንዲቆጣጠሩ የተላኩት የአሜሪካ ቬላ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያውን ፍንዳታ የመዘገቡት ሳይጠበቅ ነበር።

ሆኖም ብልጭታው ብቻውን የመጣበትን ቦታ በትክክል አያመለክትም። ለዚህ የሚረዳው ከፍንዳታው በኋላ የሚቆየው ድኅረ ብርሃን ነው፤ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት የተወረወረው ቁስ በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር ሲጋጭ፣ በኤክስሬይ፣ በሚታይ ብርሃንና በሬዲዮ ሞገድ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት እየደበዘዘ ያበራል። ቤፖሳክስ የተባለው የጣሊያንና የኔዘርላንድስ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ በኤክስሬይ በመያዙ፣ በምድር ያሉ ቴሌስኮፖች ቦታውን ለይተው ሊመለከቱ ቻሉ።

በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ከሁሉም የሚቀድመው ፍጥነት ነው፤ ምክንያቱም በአንደኛው ሰዓት የታየው ብርሃን በአሥረኛው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛው ገደማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠቀው የስዊፍት ሳተላይት ፍንዳታውን እንዳወቀ ራሱን ወደዚያው አዙሮ፣ የቦታውን አቅጣጫ ወዲያውኑ ወደ ምድር እንዲልክ የተሠራውም ለዚህ ነው። ቴሌስኮፖች ፈጥነው ከደረሱ ብርሃኑን በየቀለሙ በመተንተን የፍንዳታውን ርቀት መለካት ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ከእኛ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ርቀው የተከሰቱ ናቸው።